ብቻውን የቆመ ሁሉ አሳቢ ነውን? «ከመንጋው ውጣ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ «ከመንጋው ውጣ» የሚል ርዕስ የተሰጠው ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱና በዙሪያው ባሉ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ሲነበብና ሲያነጋግር ሰንብቷል። የተወደደውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጸሐፊው አማርኛ የጠራ ነው፤ ቁጭታቸውም ከልብ የመነጨ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ምሳሌዎቻቸውን በሩቅ አገር ታሪክ ሳይወስኑ ከዚሁ ከሰፈራችን ስብሰባ ጭምር ስላመጡ፣ አንባቢው ራሱንና ጎረቤቱን በጽሑፉ ውስጥ አግኝቷል። እኔም ራሳቸውን ካገኙት አንዱ ነኝ፤ ይህንን ምላሽ እንድጽፍ ያነሣሣኝም በከፊል ይኸው ነው።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ላላነበበው ሰው በአጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ብዙኃኑ ምንጊዜም ይሳሳታል፤ ታሪክን ወደፊት ያራመዱት ብቻቸውን የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ሰው በተፈጥሮው መንጋ መሆኑንም ሳይንስ አረጋግጧል። የእኛ ባህል ደግሞ ከሌላው ይልቅ አሳቢን የሚያፍን ስለሆነ፣ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ከእድርና ከማኅበር ርቆ መሰሎቹን መፈለግ አለበት። የተለየ ሐሳብ ይዞ ዝም የሚል ሰው ፈሪ ነው፤ የተናገረውን ግን ጊዜ ያጸድቀዋል። ከሌላው ተለይቶ ማሰብ ድፍረት ይጠይቃል በሚለው መነሻቸው እስማማለሁ። የማልስማማው ድፍረቱ የት ላይ እንዳለ ሲያመለክቱን ነው። እርሳቸው ያዩት ከሰው በመለየቱ ላይ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከባዱ ነገር የተለየውን ሐሳብ ለምርመራ አቅርቦ፣ ነገም አብረውት ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ሳይወጡ መቆየት ነው።

ጸሐፊው «ታሪክ የብቸኞች ነው» ብለው ጋሊሊዮን፣ የቪየናውን ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስንና የእኛውን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብን በአንድ ረድፍ አሰልፈዋል። ዘርዓ ያዕቆብን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1633 በሮም ለፍርድ መቅረቡና ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ማለቱን እንዲክድ መገደዱ የታወቀ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። ኮፐርኒከስ በ1543 አሳትሞት ነበር፤ ኬፕለርም በጋሊሊዮ ዘመን በስሌት ሲያጠናክረው ኖሯል። ስለዚህ ጋሊሊዮ በችሎቱ ፊት ብቻውን ይቁም እንጂ በሐሳቡ ብቻውን አልነበረም።

ዜመልቫይስ ረዘም ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የነገሩን የታሪኩን ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ የሚደግፈው የእርሳቸውን መደምደሚያ አይደለም። በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚሠሩበት በአንደኛው ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር፣ አዋላጆች ብቻ ከሚሠሩበት ከሌላው ክፍል እጅግ ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ኮሌችካ የተባለ የዜመልቫይስ ወዳጅ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በስለት ተወግቶ፣ ከእናቶቹ ሕመም ጋር በሚመሳሰል ሕመም ሞተ። ዜመልቫይስም ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ወደ ወላዶቹ በእጃቸው ይዘውት የሚመጡት ነገር አለ ብሎ ደመደመ፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠብም አዘዘ። ትእዛዙ ከመሰጠቱ ቀደም ባለው ወር ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ ከትእዛዙ በኋላ በነበረው ወር ግን ሟቾቹ ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረዱ።

«ሁሉም ሳቁበት፤ ብቻውን ቆመ፤ በእብዶች ማቆያ ሞተ» ይላሉ ጸሐፊው። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ መሞቱ እውነት ነው። ብቻውን ቆመ የሚለው ግን አይደለም። በጊዜው በቪየና ሕክምና ስመ ጥር የነበሩት ስኮዳ፣ ሄብራና ሮኪታንስኪ ደግፈውታል፤ ሄብራማ ግኝቱን በሕክምና መጽሔት ላይ በራሱ ብዕር አስተዋውቆለታል። ዜመልቫይስ ራሱ ዋናውን መጽሐፉን ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ በ1861 ነበር፤ ከዚያም ላልተቀበሉት ሊቃውንት በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች ነፍሰ ገዳይ እስከ ማለት ደረሰ። ይህን የምለው እጃቸውን አንታጠብም ያሉትን ሐኪሞች ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በእነርሱ ግትርነት የሞቱት እናቶች ናቸውና። የምለው ጸሐፊው እንደ ጀግንነት ያሳዩን ብቸኝነት ለግኝቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንዳላመጣለት ነው። ትክክል መሆኑ አልበቃውም፤ በጊዜው መጻፍ፣ ማስረጃውን ደጋግሞ ማሳየትና የሚቃወመውን ሰው ጥያቄ መመለስ ይቀረው ነበር። ይህ ደግሞ ቁጣ ከሚጠይቀው ድፍረት የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ይልቁንም ከቪየና ይልቅ የሚቀርበን ምሳሌ ነበረ፤ ጸሐፊው ባለማንሣታቸው አዝኛለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ተውሳክ የሚያስተላልፉት ናቸው። ከዚህ ተነሥተው፣ ድሀ አገሮች ውድ ኬሚካል ከውጭ ከመግዛት ይልቅ ከጓሯቸው በሚበቅል ተክል በሽታውን ሊከላከሉ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዓለም አቀፉ የሳይንስ መድረክ ይህንን ለመቀበል ብዙ ዓመት አመነታ፤ እርሳቸው ግን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ከመሰሉ ባልደረቦች ጋር ምርምሩን ቀጠሉ፤ በ1989ም ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ይህ ሰው ያለ ጥርጥር ከብዙዎች ተለይቶ ያሰበ ነው። ነገር ግን ያሰበው የልብስ አጣቢ ሴቶችን የቆየ ልማድ ተመልክቶ ነው፤ የሠራው ከባልደረባ ጋር ነው፤ የተከራከረውም ማስረጃ እየጨመረ ነው። ጸሐፊው «መንጋ» የሚሉት ሕዝብ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእውቀቱ ምንጭ ሆኖ ነው የምናገኘው።

በነገራችን ላይ የተሳቀባቸው ሁሉ ሊቅ ሆነው አልተገኙም። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ሕመሙ የለም ብለው ከሐኪም ሁሉ ተለይተው የተከራከሩ ሰዎች ብቸኝነታቸውን እንደ ማስረጃ ሲቆጥሩት ሰምተናል። መለየት የሐሳብን እውነትነት አያሳይም፤ ሐሰትነቱንም አያሳይም።

ጸሐፊው በሁለተኛ ደረጃ የመንጋነታችን ማረጋገጫ አድርገው የጠቀሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደረገውን ሙከራ ነው። ሙከራው የሚታወቅ ነው። አንድ ሰው ከሰባት እስከ ዘጠኝ በሚሆን ቡድን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ አስቀድመው ከተመራማሪው ጋር የተስማሙ መሆናቸውን አያውቅም። አንድ መስመር ይታያል፤ ከሦስት ሌሎች መስመሮች በርዝመት ከእርሱ እኩል የሆነው የትኛው እንደሆነ ይጠየቃሉ። መልሱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ግን በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመርጣሉ። ከተፈተኑት ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቡድኑ ጋር አብረው ስተዋል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህንን ቁጥር ብቻ ነው።

ያልጠቀሱት ግን ከዚህ ይበልጣል። ቡድኑ ሆን ብሎ ከተሳሳተባቸው ዙሮች ሁሉ ተፈታኞቹ ለቡድኑ የተሸነፉት በሲሶው ገደማ ነው፤ በቀረው ሁለት እጅ ዓይናቸው ያየውን ተናግረዋል። ከአራት አንዱ ደግሞ ጨርሶ አልተሸነፈም። ይህ ስለ መንጋ የሚያወራ ውጤት ከሆነ፣ ስለ መንጋ ብቻ የሚያወራ ግን አይደለም። ከዚህም በላይ አሽ ሙከራውን እየለዋወጠ ደግሞታል፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመውም ይህ ክፍል ነው። ከቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ ሲሰጥ፣ የተፈታኙ መሸነፍ ከቀድሞው ወደ አንድ አራተኛው ገደማ ይወርዳል። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ያ ሰው ከቡድኑ ቢለይም እርሱ ራሱ ሌላ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ ተፈታኙ በጣም መበርታቱ ነው። መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፍ ሲደረግም ስሕተቱ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ሙከራው የሚነግረን ሰው ፈሪ ሆኖ መፈጠሩን አይደለም። ድፍረት ከጎኑ ሌላ ሰው ሲያይ እንደሚበረታ፣ ሐሳብ የሚሰጥበት ሥርዓት ሲለወጥም የሰው መልስ እንደሚለወጥ ነው የሚነግረን።

አሁን ወደ ሰፈራችን ስብሰባ ልምጣ፤ ጸሐፊው ከሁሉ የበለጠ ያስጨበጨቡበት ምሳሌ ይኸው ነውና። እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ የብሎካችን ኮሚቴ ከየቤቱ መዋጮ እንዲሰበሰብ ሐሳብ ሲያቀርብ ሁሉም «እንደ በግ» እጁን አወጣ፤ አንድ ሰው ብቻ እጁን ሳያወጣ «ለምን?» ሲል ጠየቀ። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ አንባቢም ያንን ሰው አድንቆ ይለያያል። እኔ በስብሰባው ላይ ነበርሁ፤ እጄንም ካወጡት አንዱ ነኝ። የሆነውን ሁሉ መናገር ተገቢ ይመስለኛል።

ውኃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ እምብዛም አይወጣም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ወይም ሲብስ ከቦቴ ይገዛል። የመዋጮው ዓላማ ትልቅ ሮቶና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ለመግዛት ነበር። የተቃወመው ጎረቤታችን የሚኖረው ምድር ቤት፣ ውኃው በሚደርስበት ቦታ ነው። የተቃወመበት ምክንያትም የመንግሥት መስመር በቅርቡ ሊጠናከር ስለሆነ ገንዘባችን እንዳይባክን የሚል ነበር። መስመሩ አልተጠናከረም። ሮቶው ተገዝቶ ቆመ፤ እርሱም እንደ ማንኛችንም ከእርሱ ይቀዳል። በዋናው ክርክሩ የተሳሳተው እንግዲህ እርሱ ነው፤ «በጎቹ» ትክክል ነበሩ።

ይሁን እንጂ ያ ሰው ባይጠይቅ ኖሮ ይሻል ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ከተቃውሞው ጋር አያይዞ ዋጋው ከየት እንደመጣ ጠየቀ፤ ኮሚቴው ከአንድ ሻጭ ብቻ በቃል የተነገረውን ዋጋ ይዞ ነበርና መልስ አልነበረውም። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዱም «አንተን ውኃ አይጠማህም!» አለው። በዚህ ጊዜ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከሁላችንም ይልቅ ሮቶው የሚያስፈልጋቸው አንዲት እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ተዉት እንጂ፣ ይጠይቅ፤ ገንዘቡ የእኔም ነው፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ጥያቄ አከሉ። ስብሰባው ሮቶውን በመርሕ ደረጃ አጽድቆ፣ ኮሚቴው ከተለያዩ ሻጮች ፕሮፎርማ እንዲያመጣ ወሰነ፤ የተገዛውም መጀመሪያ ከተነገረው ባነሰ ዋጋ ነው።

ጸሐፊው እኚህን እናት በጽሑፋቸው ውስጥ አላስገቧቸውም፤ የብቸኛውን ጀግና ታሪክ ያበላሹባቸው ነበርና ይገባኛል። እኔ ግን በዚያ ቀን ታላቁን ድፍረት ያየሁት በእርሳቸው ላይ ነው። በሐሳቡ ሳይስማሙ፣ ጥቅማቸውም ከእርሱ ጋር ሳይሆን፣ እንዲሰማ ጠየቁለት። አሽ በሙከራው ያየው አንድ አጋር ማለት ይህ ነው። ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቻርላን ኔሜት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለአሥርት ዓመታት ባካሄደችው ጥናት ያሳየችውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ከቡድን የተለየ ሐሳብ ሐሳቡ የተሳሳተ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ የቀሩትን በስፋት እንዲያስቡ፣ ብዙ መረጃ እንዲፈልጉና የተሻለ ውሳኔ ላይ እንዲደርሱ ያደርጋል። ጎረቤታችን ለሰፈሩ ጠቃሚ የሆነው ትክክል ስለነበረ አይደለም። ይህንን ካልተቀበልን የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው የምናከብረው ትክክል መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብቻ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ማክበር አይባልም።

ባህላችንን የሚመለከተው ክሳቸው ከፊሉ እውነት ነው። በቤትም በመሥሪያ ቤትም የሚጠይቅን ሰው «አፈንጋጭ» እያሉ ማሸማቀቅ አለ፤ ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዳይናገር ተደርጎ ማደጉም አለ። ሆኖም ጸሐፊው ለማስረጃ የደረደሯቸው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ብዙ አያስኬዱም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው፤ በተረትና ምሳሌ የሚከራከር ሰው ለየትኛውም ወገን የሚሆን አያጣም።

ከምሳሌያዊ አነጋገር ይልቅ ሥርዓትን መመልከት ይሻላል። ጸሐፊው «ትምህርታችን ሁሉ መድገም ነው» ሲሉ የቅኔን ቤት ረስተውታል። ንባብና ዜማ በመድገም ይጠናሉ፤ ቅኔ ግን በመድገም አይሆንም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ያልተባለ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰዋስውን፣ ምጣኔውንና ምሥጢሩን እየመረመረ ያቃናለታል ወይም ይጥልበታል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው መንገድ ያላቸው የቅኔ ቤቶች የሆኑት፣ አንዱ የሌላውን ከመቅዳት ይልቅ የራሱን ስላበጀ ነው። የአንድምታ ትርጓሜም ለአንድ ንባብ ብዙ ፍቺ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ማቆየቱ ይታወቃል። ይህ ሥርዓት እንከን የለበትም አልልም፤ ለሴቶች በሩ የጠበበ እንደነበረ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ጥያቄ ሁሉ እንዳላስተናገደ አውቃለሁ። ነገር ግን ለብቻ ሄዶ ማሰብን፣ ከዚያም ተመልሶ መመርመርን አንድ ላይ ያስተማረ ተቋም በገዛ አገራችን እያለ፣ ባህላችን ከመድገም በቀር ምንም አያውቅም ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

አሳቢ ሰው ከእድር ይውጣ የሚለውን ምክራቸውን ያነበብሁት በግርምት ነው። ጸሐፊው ስለ እድር የጻፉት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ የሚይዝበት ቦታ እንደሆነ አድርገው ነው። በከተማው ዳርቻ ያሉ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች በዕጣ የተሰባሰቡ ሰዎች ሰፈሮች ናቸው፤ አንዱ ከመርካቶ፣ ሌላው ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ነው ግድግዳ የሚጋራው። በአቅራቢያው ደግሞ ሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት በዚሁ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ ሲያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች አሉ። የሰፈር እድር ኦርቶዶክሱን፣ ሙስሊሙንና ፕሮቴስታንቱን በአንድ መዝገብ ይዟል። በምርጫም፣ በሃይማኖትም፣ በታሪክም የማይስማሙ ሰዎች ድንኳን አብረው ይተክላሉ። ሐሳቡ ከእኔ የተለየ መሆኑን እያወቅሁ የምቀብረው፣ እርሱም እኔን የሚቀብረኝ ሰው መኖሩ፣ ያለ ፍርሃት እንድከራከረው ካልረዳኝ ምን ይረዳኛል?

«መሰሎችህን ፈልግ» የሚለው የምክሩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ከመንጋ የወጡ ሰዎች ተሰባስበው ሌላ መንጋ እንዲሆኑ ነው የሚመክሩን። ይህንን በአገራችን በውድ ዋጋ አይተነዋል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ለዘመናቸው እጅግ ደፋር ሐሳብ ይዘው ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስም ሐሳቡን አልተዉትም። ከዚያው ትውልድ የወጡት ኢሕአፓና መኢሶን ግን ለውጪ ሰው በቅጡ በማይለይ የመስመር ልዩነት እስከ መገዳደል ደረሱ፤ በየድርጅታቸው ውስጥም የተለየ ጥያቄ ያነሣ ሰው ከጠላት ተቆጠረ። ሁሉንም የተቃወመ ሰው፣ መሰሎቹን ካገኘ በኋላ ከእነርሱ ለመለየት እንደገና ድፍረት ያስፈልገዋል፤ ይህ ሁለተኛው ድፍረት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ዝም የሚል ሁሉ ፈሪ ነው ወደሚለው ልለፍ። ዘርዓ ያዕቆብን ወደ ኋላ ያቆየሁት ለዚህ ነው። በስሙ የሚታወቀው የፍልስፍና ጽሑፍ፣ ሐተታው፣ በእርግጥ የእርሱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ካነሣው ወዲህ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ክርክሩን ወደ ጎን ትተን ጽሑፉ የሚለውን ብቻ ብንይዝ እንኳ፣ ለጸሐፊው ሐሳብ የሚመች ሰው አናገኝበትም። ባለታሪኩ ሸሽቶ በዋሻ ከኖረ በኋላ ወደ ሰው ተመልሶ በእንፍራዝ በሀብቱ ቤት ይኖራል፤ ልጆች ያስተምራል፤ ትዳር ይይዛል። በክርስቲያኖች መካከልም እንደ ክርስቲያን ሆኖ ሲኖር የልቡን ለሁሉም እንዳልገለጸ ራሱ ይናገራል። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ሰው ፈሪ ሊባል ነው። በእኔ ግምት ግን የማሰብን ድፍረት ከመናገር ጊዜ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሰፈራችንም ዝም የሚሉትን እናውቃቸዋለን። በጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው ማኅበር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ተከራይ በስብሰባው ቢገኝም ድምፅ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ብዙው ነዋሪ ግን ተከራይ ነው። ከኮሚቴው ጋር የተጣላ ተከራይ አከራዩ ዘንድ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል፤ ቤት ልቀቅ ከተባለም ልጁን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ነቅሎ ይበልጥ ወደ ዳር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው ዝም ሲል «በግ» ብሎ መሳደብ ለማንም አይከብድም። ጸሐፊው ራሳቸው ስማቸውን ሳይገልጹ ነው የጻፉት። ይህንን እንደ ነውር አልቆጥርባቸውም፤ ምክንያት ይኖራቸዋል። ለራሳቸው የፈቀዱትን ጥንቃቄ ግን ለተከራይ ጎረቤታቸው መንፈጋቸው ትክክል አይደለም። ከሰው ድፍረት ከመጠየቅ በፊት ድፍረቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ መቀነስ ይቻላል፤ ለምሳሌ በእጅ ማውጣት ፋንታ በወረቀት ድምፅ መስጠት፣ መዋጮ የሚከፍል ተከራይም በመዋጮው ጉዳይ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያስገባ ማድረግ። ወረቀትና አንድ ካርቶን ከመግዛት ያለፈ ወጪ የለውም።

የቀረው «ጊዜ ብቸኞችን ሁሉ ያጸድቃቸዋል» የሚለው መዝጊያቸው ነው። ጊዜ በራሱ ማንንም አያጸድቅም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር አህጉሮች ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1912 አቀረበ፤ በ1930 በግሪንላንድ ሲሞት አብዛኛው የዘርፉ ምሁር አልተቀበለውም ነበር። በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ጥናት ሲያረጋግጥለት ሰዎች ወደ እርሱ የተመለሱት፣ ሐሳቡን ከነምክንያቱ ጽፎት ስለነበረ ነው። ፍርድ ቤቶቻችንም ከአብላጫው ያልተስማማ ዳኛ የልዩነት ሐሳቡን ከነምክንያቱ በውሳኔው ላይ እንዲያሰፍር የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም፤ የተሸነፈ ክርክር ከተጻፈ ሌላ ቀን ሌላ ዳኛ ያነብበዋል።

የእኛ ብሎክ ቃለ ጉባኤ ግን ስለዚያ ስብሰባ የሚለው «የሮቶና የፓምፕ ግዥ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ነው። በሙሉ ድምፅ አልጸደቀም። አንድ ሰው ተቃውሟል፤ ምክንያቱንም ተናግሯል፤ የፕሮፎርማው ውሳኔም ከጥያቄው የመጣ ነው። ቃለ ጉባኤው በዚህ መልክ እንዲታረም፣ ከእንግዲህም የተቃወመ ሰው ሐሳብ ከነምክንያቱ እንዲመዘገብ ለኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ማመልከቻው በጋራ መገልገያ ቤታችን፣ በኮሚናሉ፣ በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን አራተኛ ፎቅ ያሉት እናትና ተቃዋሚው ጎረቤታችን ፈርመውበታል። ጸሐፊውም ከፈለጉ ቦታ አለ፤ በብዕር ስማቸውም ቢሆን።